የጥር አሥራ አራት ካርድ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ሐኪሟ "እንቅልፍ እምቢ ካለሽ የሚያብሰለስልሽን ነገር ጻፊው" አለችኝ። መድኃኒት ብትሰጠኝ ምን ነበረበት! ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ውዬ ማታ ደግሞ የራሴን ልጻፍ? ይሁን እስቲ።

ዛሬ እውነተኛው ሥራ ተጀመረ። እስካሁን እንሰበስብ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ እንጣላለን። የዓመቱ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ ዓይኑ ይቀላል፣ ሻይ ሲያማስል እንኳ እየተገላመጠ ነው። መጽሐፋችን በአገሪቱ በዓመቱ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ይዘረዝራል። የትኛው ድልድይ ተመረቀ፣ የትኛው ወንዝ ሞላ፣ ማን ተሾመ፣ ማን ሞተ። ፍርድ ቤት ሳይቀር ይጠቅሰዋል። እያንዳንዱ ክንውን አንድ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ የጸሐፊውና የአራሚው ፊርማ አለ። ካርድ የሌለው ክንውን አይታተምም። ፀሐይ በምዕራብ ብትወጣ እንኳ ካርድ ከሌላት አልወጣችም።

እኔ አራሚ ነኝ። ከጎኔ የሚቀመጡት አዛውንት ካርድ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ በእርሳስ እከተላለሁ። ነጥቡም መነበብ አለበትና "ድልድዩ ተመረቀ አራት ነጥብ" ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ጋሽ አራት ነጥብ ያልናቸው ለዚህ ነው። ቤታቸው ሲቆጡም "በቃኝ አራት ነጥብ" ይላሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ሰምተው ይስቃሉ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል።

ኃላፊያችን ደግሞ ይታሰብበት ነው። ምን ቢጠይቁት መልሱ ይኸው ነው። መስኮት ልክፈት ወይ ብለው እንኳ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ባለቤቴ ጃንጥላ ይዞልኝ መሥሪያ ቤት መጣ። ዝናቡ ካባራ በኋላ! በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር ዶፍ ሲወርድብኝ ትዝ ብዬው የማላውቅ ሰው ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ ከጥበቃው ጋር ሲሳሳቅ አገኘሁት።

"ምን ተገኘ?" አልኩት።

"ሚስቴን ባስብ ወንጀል ነው?"

ወንጀል አይደለም። አመሉ ግን አይደለም። ፎቅ ድረስ ወጥቶ ክፍላችንን ዞሮ አየ። ዓይኑ ገጽ የምታቀናብረው ልጅ ወደተቀመጠችበት ሲሄድ ሲመለስ ነበር። ልጅቷ ቆንጆ ናት፣ መካድ አይቻልም። ከኋላዋ ያለው የካርዱ መደርደሪያ ብቻ ነው፤ መደርደሪያ ደግሞ ሰው አያፈዝም።

የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ነው፣ ሕንፃ ይመረምራል። ከጥር ወዲህ ከስቷል። "ጨጓራ ነው" ይለኛል። እኔ ግን ጨጓራ ሰውን ሸሚዝ ሲያስመርጥ አላየሁም። አንድ ነገር አለ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ዛሬ ጥር ላይ ደረስን።

ጋሼ የአሥራ አራተኛውን ቀን ካርድ አነሱ። "የጨርቅ ተራው ሕንፃ ተደርምሶ ሃያ ሦስት ሰዎች ሞቱ አራት ነጥብ" አሉ። ይህን አውቀዋለሁ፣ አገር ያወቀው ነው። ከዚያ ቀጠሉ፤ "ሕንፃው ከመደርመሱ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ተመርምሮ ለአገልግሎት ብቁ ነው ተብሎ ነበር አራት ነጥብ።"

እርሳሴ ተሰበረ። ከልክ በላይ አሹዬው ስለነበር ነው።

"ይቺ ከየት መጣች?" አልኳቸው። "ባለፈው አልነበረችም።"

"ከማዘጋጃ ቤቱ ቃለ ጉባኤ። መዝገብ ቤት ሄጄ በዓይኔ አይቼ ቀዳኋት።"

"ቃለ ጉባኤው ሌላስ የሚለው ነገር አለ?"

መነጽራቸውን አወለቁ። በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ጠረጉት፣ አልጨረስ አሉ። "ለካርዱ የሚበቃውን ጽፌያለሁ" አሉኝ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስቀመጥ ዓይናቸውን ሲያሸሹብኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሚደብቁኝ ነገር አለ። በዚህ አልሳሳትም፣ እንጀራዬ አይደል የተደበቀ ስሕተት ማግኘት!

ይታሰብበት ካርዱን አይቶ "እንዴ፣ ይቺ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር… ይታሰብበት" አለ።

"ሃያ ሦስት ሰው ሞቷል" አሉ ጋሼ። "ከዚህ በላይ ምን ይታሰባል?"

ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ምን ላድርግ፣ የፊደል ግድፈት የለባትም።

ያን የጥር ቀን አስታውሰዋለሁ። ባለቤቴ ጫማው አቧራ ለብሶ ገባ፤ ራሱ ቧንቧ ሥር ተቀምጦ አጠበው፣ ራት አልበላም። ያኔ ነው የጨጓራው ነገር የጀመረው። በከተማው ስንት መርማሪ እንዳለ አላውቅም። ብዙ ይሆናሉ። ጠይቄው አላውቅም፣ ለምን እጠይቀዋለሁ?

የጥር ካርዶችን እንደ ልማዴ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ቤት ይዤ መጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሳይነሳ ሳያቸው ግድፈት አያመልጠኝም። በራችን ላይ "ካርድ ከዚህ ሕንፃ አይወጣም" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማስታወቂያውን ያረምኩት እኔ ነኝ። ግን ለሥራው ብዬ ነው፣ ለራሴ አይደለም። ቦርሳዬን ስዘጋ ጋሼ እንደ ወትሯቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ጉድ ነው። ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ። ከዚያም አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ምን ምን አለበት ይሄ?" አለኝ።

"የጥር ወር ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ሥራዬ ግድ የሰጠህ?"

"ኧረ ዝም ብዬ ነው።"

ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ካርዶቹን ቁልል አድርጎ፣ ጫፍና ጫፋቸውን ገጥሞ፣ ላስቲካቸውን አስሮ አስቀምጦልኛል። "ዓይንሽ ይደክማል ብዬ ነው" አለኝ። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። ወንድ ልጅ እንዲህ የሚለሰልሰው ሲያጠፋ ነው፤ እናቴ ይህን ሳታስተምረኝ አልሞተችም። ኮቱን አሸተትኩት። የብል መድኃኒት፣ የናፍታሌን ሽታ ነው ያለው። እሱም ያጠራጥራል፤ ለምን ከሳጥን አወጣው?

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ዝናብ። ታክሲ የለም። ረፍዶብኝ ገባሁ። ካርዶቹን መሳቢያ ውስጥ መለስኩ። ሁሉም አሉ። መሀል ላይ ስልክ ጠራ እንጂ እየቆጠርኩ ነበር።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ጠርጥሬ ነበር! ገጽ የምታቀናብረው ልጅ ምሳ ላይ ሳትጠየቅ ምን አለችኝ?

"ትናንት ባለቤትሽ ደውሎልኝ ነበር።"

"ላንቺ?"

"አዎ። 'የጥር ገጾች ተሠርተው አልቀዋል ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩት።"

እንዲህ ያለ ሰበብ! ሰው ሴት ለማናገር "እንዴት ዋልሽ" ይላል እንጂ ስለ ገጽ ይጠይቃል? ልጅቷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ የዋህ መስላ። ደሜ ፈላ፣ ግን ጥርሴን ነክሼ "ስለ እኔ ሥራ ያስባል መቼም" አልኳት።

ከሰዓት ደግሞ ሌላ ነገር። ደረጃው ላይ ጋሼ ከአንዲት ሴት ጋር ቆመዋል። ጥቁር ለብሳለች፣ እጇ ላይ የክር ጥቅል ያለበት ከረጢት አለ። ወደ ታች ስወርድ ዝም አሉ። መታጠፊያው ላይ ቆም ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

"ጠበቃው ወረቀቱን ካላየሁ አልከስም አለኝ" ትላለች።

"ታገኚዋለሽ" አሏት ጋሼ። "ትንሽ ታገሺ እንጂ ታገኚዋለሽ።"

ምኑን ነው የምታገኘው?

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

የጥር አሥራ አራት ካርድ የለም።

ልጅቷ ገጹን ልትሠራ ስትል ነው የታወቀው። አሥራ ሦስት አለ፣ አሥራ አምስት አለ። መሳቢያውን ገለበጥነው። የየካቲትን፣ የታኅሣሥን፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሁሉ። አቧራና የሞተ በረሮ ብቻ።

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ካርድ ጠፍቶብን አያውቅም።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ጋሼ "ምንጩን አውቀዋለሁ፣ ዛሬውኑ ሄጄ ደግሜ እጽፈዋለሁ" አሉ። ይታሰብበት "ካርድ አጠፋ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ያንኑ ካርድ ደግሞ መጻፍ አይችልም" አላቸው። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ደንብ ሲፈልግ አያጣም። እስኪጣራ ካልተገኘ ክንውኑ ይቀራል። ሃያ ሦስት ሰው ያለቀበት ቀን በመጽሐፋችን ባዶ ሊሆን ነው። የሰውየው ፊት ላይ ግን የሐዘን ምልክት አላየሁም፤ እንዲያውም የተገላገለ ይመስላል። እሱ ይሆን እንዴ? ግን እሱ መሳቢያ ከፍቶ አያውቅም፣ የት እንደሚገኝም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ታዲያ ማን ነው? ካርዱን የነኩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የእኔና የጋሼ። እኔ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሳልተኛ አደርኩ። "ታገኚዋለሽ" የሚለው ከጆሮዬ አልወጣም። ማኅተምና ሁለት ፊርማ ያለበት ካርድ ለጠበቃ ወርቅ ነው። አዝነውላት ሰጥተዋታል። ሰው አይጠሉም እኮ፣ ችግራቸውም እሱ ነው። ግን ለእኔ አይነግሩኝም? አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ!

ቤት የወሰድኩት ጊዜስ? መለስኩ እኮ። ስልክ ጠርቶ ነበር፣ ግን መለስኩ።

ባለቤቴ ስለ ካርዱ መጥፋት ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። "ታዲያ ምን ይደረጋል?" አለኝ። "ክንውኑ ይቀራል" አልኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሾርባ አስጨመረኝ። ከጥር ወዲህ ሁለቴ ሲያስጨምር አላየሁትም፣ ደስ አለኝ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

የጽሑፍ ቃል ተጠየቅኩ። ይታሰብበት ቢሮው ጠርቶኝ በር ዘጋ። ሦስት ጥያቄ። ካርዱን መጨረሻ በማን እጅ አየሽው? ካርድ ከክፍሉ ይወጣል ወይ? የተለየ ነገር አስተውለሻል ወይ?

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ካርዱን በመጨረሻ ያየሁት ጋሼ አንብበው ሲፈርሙበት ነው። ካርድ ከክፍላችን ወጥቶ አያውቅም። ሰኔ 19 ቀን ደረጃ ላይ ለአንዲት ሴት "ታገኚዋለሽ" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ማንንም አልከሰስኩም። ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። አንዷ ብቻ ናት ትንሽ… እሷንም ብጽፍ ምን ይጠቅማል? ወሬው ስለ እኔ ይሆናል፣ ካርዱ ይረሳል። ደግሞ ካርዶቹ ቤቴ ቢያድሩ ማን ይነካቸዋል? ሌባ ገብቶ አያውቅም። ቤቴ ያለነው እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ነን።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ይታሰብበት ጋሼን አስጠራቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ሴትየዋ ማን ናት?"

"ክር ነጋዴ ናት። ልጇ ሕንፃው ሥር ቀርታለች።"

"ምን ሊሰጧት ነበር?"

"መጽሐፉን። ሲታተም አንድ ቅጂ እንደምሰጣት ነግሬያታለሁ። ለሰው ሁሉ የሚሸጥ መጽሐፍ ነው፣ ምስጢር አይደለም።"

"ካርድ ከክፍሉ ይወጣል?"

አሁን ይናገራሉ አልኩ። ቦርሳዬን ከጠረጴዛው ሥር በእግሬ ገፋሁት፣ የሚያየው ያለ ይመስል።

"ባልደረባዬ ምን ብላ ጻፈች?" አሉ።

"አይወጣም ብላለች።"

"እሷ ካለች እንዳለችው ይሁን።"

ታገዱ። ጡረታቸው እስኪጣራ ተይዟል፣ ስማቸውም የአዘጋጆቹ ስም ከሚዘረዘርበት የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ይሰረዛል። ባርኔጣቸውን አነሱ። በእኔ በኩል ሲያልፉ "እርሳስሽን ቅረጪ፣ ዶልዱሟል" ብለውኝ ወጡ። ሌላ ምንም አላሉም። ምን ማለታቸው ነው? ለምን አልተናገሩም? ንጹሕ ሰው ዝም ይላል እንዴ!

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ይታሰብበት ራሱ እያነበበልኝ ነው የምንሠራው። ነጥብ አይጠራም። ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ አላውቅም።

የክሯ ሴት መጣች። ደረጃው ላይ ሳይሆን ቀጥታ ጠረጴዛዬ ድረስ።

"ጋሼ የሉም?"

"የሉም።"

"ታመሙ እንዴ?"

"ታገዱ" አልኳት። አፌ ላይ ከበደኝ።

ከረጢቷን መሬት አስቀምጣ ቁጭ አለች። ልጇ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ለእሷው ምሳ ልታደርስላት ሄዳ ነው የቀረችው። ጠበቃው "ሕንፃው ተመርምሮ እንደነበር የሚል የታተመ ነገር አምጪና አገሩን አንቀጠቅጠዋለሁ" ብሏታል። የአደጋው አጣሪ ኮሚቴ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ገጽ አላወጣም። "ሌላ ወረቀት የለኝም እህቴ፣ የእናንተን መጽሐፍ ነው የምጠብቀው" አለችኝ። ጋሼ ካርድ ሰጥተዋት ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ለምን ትጠብቃለች? ይህን እሷ ፊቴ ተቀምጣ ሳለች ነው ያሰብኩት። ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ተነሳሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ራት ላይ ልጃችን ከትምህርት ቤት የሰማችውን አመጣች። የጓደኛዋ አክስት ጨርቅ ተራው ውስጥ ሞታለች። "ሕንፃው ቀድሞ ተሰነጣጥቆ ነበር አሉ። ማንም ሄዶ አላየውም እንዴ አባዬ?" አለችው።

"ታይቷል" አለ። "በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ብዙ ነገር ሊቀየር ይችላል።"

እኔ ዳቦ እየቆረስኩ ነበር። መቁረሴን ቀጠልኩ። አሥራ አንድ ቀን መሆኑን ነግሬው አላውቅም። ጋዜጣ ላይ አንብቦት ይሆናል። መሥሪያ ቤቱም ወሬ አያጣም።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

የጥርና የየካቲት ጋዜጦች፣ ሁሉንም አየሁ። የለም። አንዱም ላይ የለም።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ካርድ ቤት አልወሰድኩም።

ገጽ የምታቀናብረውን ልጅ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። ምን ብዬ? አንቺን ነበር የጠረጠርኩት፣ ምነው አንቺ በሆንሽ ብዬ?

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ትንሽ ግቢ ናት፣ ቃሪያ ተክለዋል። ሚስታቸው እንደ ወትሮው ስማ አስገባችኝ፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ጋሼ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

"ካርዶቹን ቤት ወስጄ ነበር" አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

"አውቃለሁ። በየሳምንቱ ስትወስጂ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን ጋሼ? ሥራዎን ያጡት በእኔ ውሸት ነው እኮ!"

"ብናገር የሚቀጥለው ጥያቄ ምን ነበር?" አሉኝ። "ቤትሽ ማን አለ ነው የሚሉት። ከዚያ ባልሽ ምን ይሠራል ይላሉ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ይከፍቱታል።"

ተቀመጥኩ።

"ስሙ አለበት?"

"ገጽ አርባ አንድ። ስሙም ፊርማውም።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ሠላሳ አራት ዓመት ካርድ ስጽፍ ያየሁትን አስቀርቼ አላውቅም። መርማሪው እገሌ ነው ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፣ ደንቡ ያዛል። አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ እርሳስ ስትቀርጪ እያየሁ እጄ እምቢ አለኝ። ስሙን ትቼ ድርጊቱን ብቻ ጻፍኩ። አንቺ ሳትሰሚ፣ ልጅሽም ሳታፍር፣ እነዚያም ሰዎች መነሻ ያገኛሉ ብዬ። አጥፍቻለሁ። ካርዱ ጠፋ ሲባል ቅጣቴ ነው አልኩ።"

እኔ ደግሞ ያኔ ዓይናቸውን ሲያሸሹ ሌባ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር! አለቀስኩ። አላባበሉኝም፣ ልክ ናቸው። ስወጣ ሚስታቸው የእኔን ቦርሳ አቀበለችኝና "በርቺ ልጄ" አለችኝ። ምንም አልነገሯትም ማለት ነው።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ፈቃድ ጠይቄ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ገጽ አርባ አንድ። ፊርማውን አወቅሁት፤ የልጃችን የፈተና ውጤት ላይ የሚያስቀምጠው ያው ፊርማ ነው፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ጭረት ያለው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቀዳሁት።

ቤት ስገባ አላናገርኩትም። ምን ሸተተው እንጃ፣ ሲከታተለኝ አመሸ። "ምን ሆነሻል?" "ራሴን አሞኛል።" አሁን እሱ እኔን መጠርጠር ጀመረ።

አንድ ነገር ልጻፍና ልተኛ። እኔ ሰኔ 13 ቀን ነው ያወቅሁት። እርሳሱ ሲሰበር። ሌላው ሁሉ ጃንጥላና ናፍታሌን ነው።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ሁለት ወረቀት ይዤ ይታሰብበት ጋ ገባሁ። አንዱ አዲስ ካርድ ነው፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያለው። ሦስተኛው የመርማሪው ስም ነው። ሌላው የእኔ ቃል ነው፤ ካርዶቹን ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ሐምሌ 1 ቀን የጻፍኩት ሐሰት ነው።

አነበበ። ላብ አጠመቀው። "ይሄ ስም… የማን ነው?" አለኝ።

"የባለቤቴ።"

"እህቴ፣ እስኪ ይታሰብ…"

"ቅጂዎቹን ለበላይ ቢሮ አስገብቼ ነው የመጣሁት" አልኩት። እውነት ነበር። እኔ የማውቀው ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ ሁለት ቅጂ።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ከበላይ ቢሮ አንድ ሰው መጥቶ ጋሼን አስጠራ። እገዳው ተነሳ፣ ጡረታቸው ይለቀቃል። እኔን የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ይጠብቀኛል፣ ይገባኛል። ካርዱን ለጋሼ ሰጧቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት፣ የአራሚው ቦታ ላይ ፈረሙ። ከጎኔ ያለውን ወንበር አዩት። አልተቀመጡም። "ጡረታዬ እስኪደርስ በፈቃድ እቆያለሁ" ብለው ወጡ። እስከ ደረጃው ተከተልኳቸው። ጨበጡኝ፣ እንደ እንግዳ።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። እሱ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ወጥ ቤት ተቀምጧል፣ ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

"መሥሪያ ቤት ጠርተው ነገ መዝገቤን ይዤ እንድቀርብ ነገሩኝ" አለኝ። "ነገርሻቸው?"

"አዎ።"

"ስሜንም?"

"ስምህንም። ካርዱን ምን አደረግከው?"

"ልብሱን ስታሰጪ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት።" እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያየው ነበር። "ስንጥቁን አይቼዋለሁ። ባለ ሕንፃው ሁለት ሳምንት ስጠኝ፣ አስጠግናለሁ አለኝ። ደህና ሰው ነው፣ አመንኩት። ሁለት ሳምንት ምን ይሆናል ብዬ ፈረምኩ። በየቀኑ ልነግርሽ አስቤ…"

"ሽማግሌው ሲጠረጠሩ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሾርባ ስታስጨምር ነበር" አልኩት። ጮኬ ነበር መሰለኝ፣ የልጃችን ሬዲዮ ጸጥ አለ። ከዚያ ለራሴ፣ እኔም ያው ነኝ አልኩ። የጨለፍኩለት እኔ ነኝ።

ጠላሁት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እውነት አይደለም። እውነት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"ለልጃችን ማን ይነግራታል?" አለኝ በመጨረሻ። "አንቺ ብትነግሪያት…"

"አንተ ነህ የምትነግራት። ከሰው ሳትሰማ፣ አሁን።"

ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። በሯ ጋ ቆመ፣ በጣም ቆየ። አንኳኳ።

"ግባ አባዬ፣ አልተቆለፈም" አለችው።

ገባና በሩን ዘጋ። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። እስካሁን ምንም ድምፅ አልሰማሁም።